በአጥንት ውስጥ የሚጀምር ሊምፎማ፦ እንዴት ይታወቃል? እንዴትስ ይታከማል?

እግር ወይም ጀርባ ማመም ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ከባድ ዕቃ አንስተን፣ ቀኑን ሙሉ ቆመን፣ ወድቀን ወይም ዕድሜ ተጭኖን ያመናል፤ አረፍ ስንል ደግሞ ይሻለናል። በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ግን አረፍ ሲሉ የማይሻል፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳና ሳምንታት ባለፉ ቁጥር የሚብስ የአጥንት ሕመም የሚያመጣ አንድ በሽታ ነው። በአጥንት ውስጥ የሚጀምር ሊምፎማ ይባላል።

በሽታው ብዙ የሚያጋጥም አይደለም። አንድ ጠቅላላ ሐኪም በሥራ ዘመኑ ሁሉ አንድም እንዲህ ያለ ታማሚ ላያይ ይችላል። ታዲያ ለምን እንጽፍበታለን? በአጥንት ላይ ከሚነሱ ካንሰሮች መካከል በመድኃኒት የመዳን ተስፋቸው ከፍ ካሉት አንዱ ስለሆነ ነው። ይህን ተስፋ የሚያጠብቡ ስሕተቶች ደግሞ ሕክምናው ሳይጀመር፣ ገና በሽታው ምን እንደሆነ ባልታወቀበት ጊዜ ሊፈጸሙ ይችላሉ። ስለዚህ ከሕክምናው ባልተናነሰ ስለ ምርመራው እንጽፋለን።

ምን ዓይነት በሽታ ነው?

ሊምፎማ የሚነሳው ሊምፎሳይት ከሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ነው። እነዚህ ሴሎች ሰውነታችንን ከበሽታ የሚጠብቁ ናቸው። ብዙውን ጊዜ ካንሰሩ የሚታየው በአንገት፣ በብብት ወይም በብሽሽት በሚያብጡ ንፍፊቶች ላይ ነው። ነገር ግን ሊምፎሳይቶች በንፍፊት ብቻ ተወስነው አይኖሩም፤ በሆድ ዕቃ፣ በቆዳና በአጥንት መቅኔም ይገኛሉ። በመሆኑም ካንሰሩ ከአጥንት ውስጥ ሊነሳ ይችላል።

ሐኪሞች "በአጥንት የጀመረ" የሚሉት በሽታው በአንድ አጥንት ላይ ሲገኝ፣ ወይም በብዙ አጥንቶች ላይ ሆኖ በሌሎች የውስጥ አካላትና ራቅ ባሉ ንፍፊቶች ላይ ሳይገኝ ሲቀር ነው። ከታመመው አጥንት አጠገብ ያሉ ንፍፊቶች ቢያብጡም ስያሜው አይቀየርም። በሌላ ቦታ ጀምሮ ወደ አጥንት የገባ ሊምፎማ ግን ከዚህ የተለየ ነው፤ እንዲያውም እርሱ የበለጠ ያጋጥማል። በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩት ሊምፎማዎች በሙሉ ከአጥንት የሚጀምረው ከ2 በመቶ በታች ነው።

በሽታው ራሱን ችሎ የታወቀው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ፈረንሳዊው ኦበርሊንግ ስለ እርሱ ጽፏል፤ በ1939 ደግሞ ፓርከርና ጃክሰን የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች 17 ታማሚዎችን አሰባስበው ከሌሎች የአጥንት ካንሰሮች ለይተው አቀረቡት። ከዚያ በፊት ከሌሎች የአጥንት ካንሰሮች ጋር ተቀላቅሎ ይታይ ነበር። ይህ መቀላቀል ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልቀረም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከአሥር ታማሚዎች ስምንቱ ወይም ከዚያ በላይ የሚይዛቸው ዓይነት ዲፊዩዝ ላርጅ ቢ ሴል ሊምፎማ ይባላል። የምርመራ ወረቀታቸው ላይ "ዲፊዩዝ" የሚለውን ቃል ያዩ ሰዎች ትርጉሙ "የተሰራጨ" መሆኑን ሲሰሙ በሰውነታቸው ሁሉ የተዛመተ እየመሰላቸው ይደነግጣሉ። ቃሉ የሚናገረው ሴሎቹ በማይክሮስኮፕ ሥር እንዴት ተበትነው እንደሚታዩ እንጂ በሰውነት ውስጥ የት የት እንደደረሱ አይደለም። በአንድ አጥንት ላይ ብቻ ያለ በሽታም ይህንኑ ስም ይይዛል።

መንስኤውን በተመለከተ ለአብዛኞቹ ታማሚዎች ይህ ነው የሚባል ነገር አልተገኘም። ኤችአይቪ በደም ውስጥ መኖሩ በአጠቃላይ በሊምፎማ የመያዝን ዕድል ይጨምራል። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። "ወድቄ ነበር፤ ከዚያ ነው የመጣብኝ" የሚሉ ታማሚዎች ብዙ ናቸው። ምት ሊምፎማ አያመጣም፤ ነገር ግን ቀድሞ የታመመ አጥንት በቀላል ምት ስለሚያም ሰው ሕመሙን የሚያውቀው ያን ቀን ይሆናል።

ምልክቶቹ

ዋናው ምልክት ሕመም ነው። አንድ ቦታ ላይ ተቆራኝቶ የሚቆይ፣ ሥራ በመተውና በመተኛት የማይበርድ፣ ቀስ በቀስ የሚጨምር ሕመም። አንዳንድ ጊዜ ከላዩ ላይ እብጠት ይዳሰሳል። በብዛት የሚያጠቃው የጭን አጥንትን ሲሆን የዳሌ አጥንት፣ የአከርካሪ አጥንት፣ የላይኛው ክንድና ቅልጥምም ይያዛሉ። በማንኛውም ዕድሜ ሊመጣ ይችላል፤ በብዛት የሚታየው ግን ከ40ዎቹ እስከ 60ዎቹ ዕድሜ ባሉ ሰዎች ላይ ነው። ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን በመጠኑ ያጠቃል።

ትኩሳት፣ ሌሊት ልብስ የሚያርስ ላብና ያለ ምክንያት መክሳት የሊምፎማ የታወቁ ምልክቶች ናቸው። በአጥንት በሚጀምረው ዓይነት ግን ብዙ ጊዜ አይኖሩም። ስለዚህ "አልከሳሁም፣ አላተኮሰኝም፣ እግሬን ብቻ ነው የሚያመኝ" ማለት ከዚህ በሽታ ነፃ አያደርግም። እንዲያውም ታማሚው በአካሉ ጤነኛ መስሎ መታየቱ ከሚያዘናጉት ነገሮች አንዱ ነው።

አንዳንዱ ታማሚ ወደ ሐኪም ቤት የሚመጣው አጥንቱ ከተሰበረ በኋላ ነው። ደረጃ ሲወርድ ወይም ከመኪና ሲወርድ፣ ሰው በማይሰበርበት ሁኔታ ይሰበራል። በዚህ ጊዜ ስብራቱን ብቻ አሽጎ መመለስ አይበቃም፤ አጥንቱ ለምን በቀላሉ ተሰበረ የሚለው ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት።

በሽታው አከርካሪ ላይ ሲሆን ደግሞ በውስጡ የሚያልፈውን ህብለ ሰረሰር ሊጫን ይችላል። ጀርባውን ሲያመው የቆየ ሰው እግሩ መዛል ወይም መደንዘዝ ከጀመረ፣ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃተው በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ቀጠሮ የሚጠበቅበት ጉዳይ አይደለም። ዛሬ የሚንቀሳቀስ እግር በጥቂት ቀናት መዘግየት ተመልሶ ላይንቀሳቀስ ይችላል።

ወጌሻ፣ መርፌና የቲቢ መድኃኒት

በእኛ አገር እግሩን ያመመው ሰው ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ወጌሻ ዘንድ ነው። የወለምታና የስብራት ጉዳይ የሚያውቁ ወጌሾች እንዳሉ አንክድም። ሆኖም ውስጡ በካንሰር የተበላ አጥንት ሲታሽና ሲጎተት ሊሰበር ይችላል። ሳይወድቅና ሳይመታ የመጣ፣ ሌሊት የሚያም የአጥንት ሕመም ከመታሸቱ በፊት ቢያንስ ራጅ ይነሳ የምንለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው አሳሳቢ ነገር መርፌ ነው። ለወገብና ለመገጣጠሚያ ሕመም ዴክሳሜታዞን ወይም ሌላ የስቴሮይድ መድኃኒት መስጠት የተለመደ ነው። ስቴሮይድ የሊምፎማ ሴሎችን ይገድላል፤ ራሱ የሕክምናው አንድ አካል ነው። ብቻውን ሲሰጥ ግን በሽታውን ለጥቂት ጊዜ አደብዝዞ ይመለሳል። ታማሚው "መርፌው ተስማማኝ" ይላል፤ በዚያ ሰሞን የሚወሰደው ናሙና ደግሞ የሞቱ ሴሎችን ብቻ አሳይቶ "ካንሰር አልተገኘም" የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል። ሊምፎማ ከተጠረጠረ ስቴሮይድ ከናሙና በኋላ ይሁን። ህብለ ሰረሰሩ ተጭኖ እግር ሊያሰንፍ የደረሰ ከሆነ ሐኪሙ ከዚህ የተለየ ሊወስን ይችላል፤ ይህ የእርሱ ውሳኔ ነው። ቀደም ሲል መርፌውን ወስዶ የነበረ ሰው ስሙንና የወሰደበትን ቀን ለሐኪሙ ይንገር።

ሦስተኛው ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ቲቢ የተስፋፋ በሽታ በመሆኑ ጀርባው የሚያመውና ራጁ ላይ አጥንቱ ተበልቶ የሚታይ ሰው ሲመጣ ሐኪም ቀድሞ የአከርካሪ ቲቢን ቢያስብ ትክክል ነው። ሁለቱ በሽታዎች በምስል ይመሳሰላሉ። ቲቢ ብዙ ጊዜ ጎረቤታም የሆኑ ሁለት አጥንቶችንና በመካከላቸው ያለውን ዲስክ ይበላል፤ ሊምፎማ ደግሞ ዲስኩን ብዙ ጊዜ ይተወዋል። ይህ ግን ፍንጭ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። ናሙና ሳይወሰድ የቲቢ መድኃኒት ተጀምሮ ወራት ካለፉና ሕመሙ እየባሰ ከሄደ "መድኃኒቱ ጊዜ ይፈልጋል" እያሉ መጠበቅ ተገቢ አይደለም፤ ናሙና ይጠየቅ። ናሙናው ሲወሰድም ከፊሉ ለቲቢና ለሌሎች ጀርሞች ምርመራ፣ ከፊሉ ለፓቶሎጂ ቢላክ ታማሚው ሁለት ጊዜ ከመወጋት ይድናል።

ምርመራው

የመጀመሪያው ምርመራ ራጅ ነው። አጥንቱ በምስጥ እንደተበላ እንጨት ጉድጓድ ጉድጓድ ሆኖ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን ራጅ ምንም ላያሳይም ይችላል፤ ሊምፎማ የአጥንቱን ውጫዊ ግድግዳ ብዙ ሳያፈርስ በመቅኔው ውስጥና በግድግዳው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አልፎ ወደ ሥጋው የሚዘልቅበት ጊዜ አለ። "ራጁ ደህና ነው" ተብሎ የተመለሰ ሰው ሕመሙ ካልተወው ኤምአርአይ እንዲነሳ የሚመከረው በዚህ ምክንያት ነው። ኤምአርአይ መቅኔው የት ድረስ እንደተያዘና ከአጥንቱ ውጭ ያለው እብጠት ምን ያህል እንደሆነ በደንብ ያሳያል።

የትኛውም ምስል ግን የበሽታውን ስም አይናገርም። ስሙ የሚታወቀው በናሙና፣ ማለትም በባዮፕሲ ነው። እዚህ ላይ አንድ ሥር የሰደደ ፍርሃት አለ፦ "ብረት ከነካው ይሰራጫል" የሚል። ሊምፎማ ናሙና በመውሰድ አይሰራጭም። ከዚህ ፍርሃት የተነሳ ናሙና እምቢ ብሎ መድኃኒት የሚጠይቅ ሰው ሐኪሙን ዓይኑን ጨፍነህ አክመኝ እንዳለው ይቆጠራል። እውነት የሆነው ነገር ይህ ነው፦ በሽታው ሊምፎማ ሳይሆን ሌላ የአጥንት ካንሰር ሆኖ ቢገኝ መርፌው የገባበት መንገድ ለኋለኛው ቀዶ ሕክምና ወሳኝ ነው። ስለዚህ ናሙናውን የአጥንት ዕጢ ልምድ ያለው የአጥንት ሐኪም ቢወስደው ወይም ከእርሱ ጋር ተማክሮ ቢወሰድ ይመረጣል።

በቀጭን መርፌ ተስቦ የሚወሰደው ጥቂት ፈሳሽ ብቻውን አይበቃም። ወፈር ባለ መርፌ የሚወጣ ቁራጭ ወይም በትንሽ ቀዶ ሕክምና የሚወሰድ ናሙና ያስፈልጋል። የሊምፎማ ሴሎች ስስ ስለሆኑ በመሣሪያ ሲጨመቁ ይደቅቃሉ፤ አጥንቱን ለማለስለስ የሚጠቀሙበት አሲድም ያበላሻቸዋል። ከአጥንቱ ውጭ ያለ እብጠት ካለ ከዚያ ለስላሳ ክፍል መውሰድ ይሻላል። ውጤቱ "ናሙናው አልበቃም" ቢል ተስፋ መቁረጫ ወይም የሐኪሙ ጥፋት ማሳያ ተደርጎ መታየት የለበትም። በዚህ በሽታ የተለመደ ነው፤ ይደገማል።

ፓቶሎጂስቱ ሴሎቹን በማይክሮስኮፕ ካየ በኋላ ኢሚዩኖሂስቶኬሚስትሪ የሚባል ተጨማሪ ምርመራ ያደርጋል። በሴሎቹ ላይ ያሉ ፕሮቲኖችን በልዩ ቀለም የመለየት ሥራ ነው። ትናንሽ ክብ ሴሎች ብቻ ታይተው ከቆመ ሊምፎማ፣ በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ የሚታየው ዩዊንግ ሳርኮማ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ካንሰር ወይም ማየሎማ ሊሆን ይችላል። ሲዲ 20 የተባለው ምልክት መገኘቱ ሴሎቹ ቢ ሊምፎሳይት መሆናቸውን ያሳያል፤ ሪቱክሲማብ የተባለው መድኃኒት የሚያነጣጥረውም በዚሁ ላይ ነው። ይህን ምርመራ የሚሠሩ ላቦራቶሪዎች ጥቂት ናቸው፤ ጊዜም ገንዘብም ይወስዳል። ሆኖም የሚቀጥለው ሕክምና ሁሉ የሚቆመው በዚህ ወረቀት ላይ ስለሆነ ወጪ ሊቀነስበት የሚገባው ቦታ ይህ አይደለም ባዮች ነን።

ስሙ ከታወቀ በኋላ በሽታው የት የት እንዳለ ይታያል። ፔት ሲቲ የተባለው ምርመራ በሚገኝበት ቦታ መላ አካልን በአንድ ጊዜ ያሳያል። በሌለበት የደረት፣ የሆድና የዳሌ ሲቲ ስካን ይነሳል፤ ከዳሌ አጥንት የመቅኔ ናሙናም ይወሰዳል። ኤልዲኤች የተባለው የደም ምርመራ የበሽታውን ክብደት ለመገመት ይረዳል። የኩላሊት፣ የጉበት፣ የካልሲየምና የዩሪክ አሲድ መጠን፣ ኤችአይቪ እንዲሁም የልብ አልትራሳውንድ ይታያሉ። ሄፓታይተስ ቢ ሳይመረመር ሪቱክሲማብ መጀመር የለበትም፤ መድኃኒቱ ተኝቶ የነበረውን ቫይረስ ቀስቅሶ ጉበትን እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል። ቫይረሱ የተገኘበት ሰውም መከላከያ መድኃኒት እየወሰደ ይታከማል እንጂ ሕክምናው አይቀርበትም።

ሕክምናው

ቤተሰብ ቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ "እግሩ ይቆረጣል ወይ?" የሚል ነው። በሌሎች የአጥንት ካንሰሮች ቀዶ ሕክምና ዋናው መሣሪያ ነው። ሊምፎማ ላይ ግን አይደለም። አጥንቱን ቆርጦ ማውጣትም ሆነ እግር መቁረጥ ለሊምፎማ ሕክምናነት አይደረግም። ቀዶ ሐኪሙ የሚፈለገው ናሙና ለመውሰድ፣ የተሰበረ ወይም ሊሰበር የተቃረበ አጥንትን በብረት ለመደገፍና የተጫነ ህብለ ሰረሰርን ለማላቀቅ ነው። ናሙና ሳይኖር ለእግር መቆረጥ ቀጠሮ ከተያዘ ሌላ ሐኪም ማማከር የታማሚው መብት ነው።

ዋናው ሕክምና በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት ነው። አር-ቾፕ ይባላል፤ ስሙ የአምስት መድኃኒቶች መነሻ ፊደላት ተገጣጥመው የወጣ ነው። ሪቱክሲማብ፣ ሳይክሎፎስፋማይድ፣ ዶክሶሩቢሲንና ቪንክሪስቲን በደም ሥር ይሰጣሉ፤ ፕሬድኒሶሎን ደግሞ በአፍ ለ5 ቀናት ይዋጣል። ይህ አንድ ዙር ነው። በየ21 ቀኑ ይደገማል፤ ብዙውን ጊዜ 6 ዙር ይሆናል። ሪቱክሲማብ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1997 ሲሆን ከዚያ በፊት ታማሚዎች በአራቱ መድኃኒቶችና በጨረር ይታከሙ ነበር፤ ከእነርሱም የዳኑ አሉ። ይህን የምንለው ሪቱክሲማብ ዋጋው ከአቅም በላይ ሆኖበት "እንግዲህ ሕክምና የለኝም" ብሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰው እንዳይኖር ነው። መገኘቱ ይሻላል፤ ርካሽ የሆኑ አቻ ምርቶችም አሉ፤ ባይገኝ ግን የቀሩት አራቱ ዋጋቸው ትልቅ ነው።

ከመድኃኒቱ በኋላ በታመመው አጥንት ላይ የጨረር ሕክምና ብዙ ጊዜ ይጨመራል። መጠኑ ከ30 እስከ 40 ግሬይ ሲሆን በየቀኑ በትንሽ በትንሹ ተከፍሎ ለጥቂት ሳምንታት ይሰጣል። በአገራችን የጨረር ሕክምና ለረጅም ዓመታት የነበረው በአዲስ አበባው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ በቅርብ ዓመታት እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯል። ወረፋው ረጅም ሊሆን ስለሚችል ኬሞቴራፒው እስኪያልቅ ሳይጠበቅ መሐል ላይ መመዝገብ ይበጃል።

አሁን ወደ አንድ ከባድ ነገር እንምጣ። ሊምፎማ ለመድኃኒት ፈጥኖ የሚታዘዝ በሽታ ነው። ወራት ሙሉ እንቅልፍ ያጣ ሰው ከአንደኛው ወይም ከሁለተኛው ዙር በኋላ ሕመሙ ሊጠፋለት ይችላል። ፀጉሩ ረግፏል፣ ምግብ አስጠልቶታል፣ የመጓጓዣው ወጪ ቤተሰቡን አክስሯል፤ ሕመሙ ደግሞ የለም። በዚህ ጊዜ "ድኛለሁ" ብሎ ማቋረጥ ይመጣል። ያልሞቱት ሴሎች ይመለሳሉ፤ የተመለሰ ሊምፎማ ደግሞ ከመጀመሪያው ይልቅ ለመድኃኒት አስቸጋሪ ነው። በተለይ በሽታው ምን እንደሆነ ቤተሰቡ የደበቀው ሰው የማቋረጥ ዕድሉ ሰፊ እንደሆነ ይሰማናል። "ለአባባ አትንገሩት፣ ይደነግጣል" የሚሉ ልጆች የሚያደርጉት ከፍቅር ነው። ነገር ግን አባት ለምን ስድስት ጊዜ እንደሚወጋ ካላወቀ ለምን በሁለት አይቆምም?

በሕክምናው ወቅት

ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ፣ በግምት ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ነጭ የደም ሴሎች ይቀንሳሉ። በእነዚህ ቀናት ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ፓራሲታሞል ውጦ ማደር ሕይወት ያሳጣል። ቤት ውስጥ የትኩሳት መለኪያ ይኑር። ታማሚን መዘየር ምንዳው ትልቅ እንደሆነ እናውቃለን፤ ጉንፋን የያዘው ወይም የሚያስለው ዘመድ ግን በስልክ ቢዘይር ለታማሚው ይጠቅማል። የጁሙዓው መጨናነቅም ለነዚያ ቀናት ቢቀር መልካም ነው።

ዶክሶሩቢሲን በተሰጠ ማግስት ሽንት ቢቀላ ከመድኃኒቱ ቀለም ነውና አያስደነግጥ። ቪንክሪስቲን ጣቶችን ያደነዝዛል፣ ሆድ ያደርቃል። ፕሬድኒሶሎን ስኳር ከፍ ያደርጋል፤ የስኳር ታማሚዎች በእነዚያ 5 ቀናት ቶሎ ቶሎ ይለኩ። ሳይክሎፎስፋማይድ ፊኛን እንዳይጎዳ ብዙ ውኃ መጠጣት ያስፈልጋል። ልጅ መውለድ የሚፈልጉ ወጣቶች ከመጀመሪያው ዙር በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ መድኃኒቶቹ መውለድን ሊነኩ ይችላሉ፤ በሕክምናው ጊዜም ማርገዝ አይገባም።

የረመዳን ጾም ጉዳይ በዚህ ላይ ይነሳል። ውኃ መጠጣት ግዴታ የሆነበት፣ በየሰዓቱ መድኃኒት የሚወስድና ማስታወክ ያደከመው ሰው መጾሙ ጉዳት እንዳለው ሐኪም ሲነግረው፣ በሱረቱል በቀራ 184ኛውና 185ኛው አንቀጾች ለታማሚ የተሰጠውን ፈቃድ ያስታውስ፤ ያመለጡትን ቀናት ከዳነ በኋላ ቀዷ ያወጣል። ዝርዝሩን የሚያውቁ ዑለማዎችን መጠየቅ ይቻላል። ሰላትም እንዲሁ ነው። የጭን ወይም የዳሌ አጥንቱ የተበላ ሰው ለሱጁድ ሲወርድና ሲነሳ ሊሰበር ይችላል። ቡኻሪ በዘገቡት የዒምራን ኢብን ሑሰይን ሐዲስ መቆም ያልቻለ ተቀምጦ፣ መቀመጥ ያልቻለ በጎኑ እንዲሰግድ ተፈቅዷል። ወንበር ላይ ተቀምጦ በምልክት መስገድ እግሩን ያተርፍለታል።

ሂጃማ በሕክምናው ወራት ይቆይ። የደም ማርጊያ ሴሎች ሲያንሱ ደም አይቆምም፤ ነጭ ሴሎች ሲያንሱ ደግሞ ትንሿ ቁስል ታመረቅዛለች። ጥቁር አዝሙድም ሆነ ሌላ የሚወሰድ ነገር ካለ ለሐኪሙ ይነገረው። ለሐጅ ወይም ለዑምራ ያሰበ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልብ ይበል፦ ከኢትዮጵያ ለሚሄዱ የሚጠየቀው የቢጫ ወባ ክትባት ሕይወት ያለው ቫይረስ የያዘ በመሆኑ በኬሞቴራፒና በሪቱክሲማብ ላይ ላለ ሰው አይሰጥም። ጉዞውን ሐኪሙ ደህና ነህ እስኪለው ማዘግየት ይኖርበታል።

ከሕክምናው በኋላ

በሽታው በአንድ ቦታ ብቻ የተገኘባቸውና የተሟላ ሕክምና ያገኙ ታማሚዎችን ከተከታተሉ ጥናቶች በብዙዎቹ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት ያሉት 80 በመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ናቸው። በብዙ አጥንቶች ላይ ሲሆን፣ ዕድሜ ሲገፋና ኤልዲኤች ከፍ ሲል ውጤቱ ይቀንሳል። ከተመለሰም ሌሎች የመድኃኒት ዓይነቶችና የራስን የመቅኔ ሴል መልሶ የመተካት ሕክምና አሉ።

ሕክምናውን የጨረሰ ሰው ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። የተጎዳ አጥንት ራሱን የሚጠግነው ቀስ ብሎ ነው። ሊምፎማው ከጠፋ በኋላም ኤምአርአይና ራጅ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ጤናማ ያልሆነ ምስል ማሳየታቸውን ሊቀጥሉ ይችላሉ። "አሁንም አለ" ተብሎ ሳይጣራ አዲስ ኬሞቴራፒ መጀመር ስሕተት ነው። በሽታው ሕይወት ያለው መሆን አለመሆኑን የሚለየው ፔት ሲቲ ነው፤ እርሱም ካጠራጠረ እንደገና ናሙና ይወሰዳል። በእነዚህ ወራት አጥንቱ ደካማ ስለሆነ ከባድ ዕቃ መሸከምና መሮጥ አይፈቀድም፤ ምርኩዙ መቼ እንደሚጣል የሚወስነው የአጥንት ሐኪሙ ነው።

ለተጨማሪ ሕክምና ወደ ሌላ ከተማ ወይም ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ሰው የምርመራ ወረቀቶቹን ብቻ ይዞ አይሂድ። ናሙናው በሰም ውስጥ ተደርጎ ላቦራቶሪው ዘንድ ይቀመጣል፤ ብሎክ ይባላል። ብሎኩንና የተዘጋጁትን መስታወቶች ፈርሞ መውሰድ ይችላል። የሚቀበለው ሆስፒታል በእነርሱ ላይ ድጋሚ ምርመራ ማድረግ ስለሚችል፣ የታመመውን አጥንት ዳግመኛ ለናሙና የመውጋትን ሥቃይ ሊያስቀሩለት ይችላሉ። የወሰዳቸው ዙሮች ቁጥር፣ የእያንዳንዱ መድኃኒት መጠን፣ በተለይም የዶክሶሩቢሲን ድምር መጠን የተጻፈበት ወረቀትም አብሮ ይያዝ፤ መድኃኒቱ ከተወሰነ መጠን ካለፈ ልብን ስለሚጎዳ ቀጣዩ ሐኪም ይህን ቁጥር ማወቅ አለበት።